አጥንቱን ለአባ ኮዳ የሰጠሁ ጊዜ

ባለፈው ወር የልጆች ቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ መለስኩ። ሦስት ቁልፍ ነው፤ የውጭው በር፣ የመጥረጊያው ክፍልና የልጆቹ ክፍል። የተቀበለኝ ሰው አንድ ወረቀት አቀረበልኝ፣ ፈረምኩ፣ በቃ፤ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ፔንሲዮኔው ብዙ አላወራም። ኮንትሪቡቲ የሚሉትን የጡረታ መዋጮ የከፈሉልኝ አሠሪዎች ነበሩ፣ ያልከፈሉልኝም ነበሩ፤ የሚመጣው ይበቃኛል። ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሠፈር ያለችው ክፍሌ ትንሽ ናት፣ እኔም ትንሽ ነኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ እዚህ ሮም ለትምህርት የመጡ አንድ አባ ናቸው። «እማማ ዘነበች፣ የእኛ ሰው ስለ ሮም ሲያወራ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ቤት ብቻ ነው። እርስዎ ስለ ሥራዎ ይጻፉልን» አሉኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም ብላቸው፣ እንደሚያወሩት ይጻፉት አሉ። እንግዲህ ወዲያ ወዲህ ብዬ ብገኝ ጥፋቱ የእሳቸውም ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በዓሣ መጠቅለያ ነው። የተወለድኩት ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ነው። እናቴ ዓሣ እያጸዳች ትሸጥ ነበር፤ እኔም ቢላዋ መያዝ ከቻልኩ ጀምሮ አጠገቧ ነኝ። ዓሣውን የምንጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ሾፌርም ይሁን ወታደር፣ ጋዜጣውን እያሳየሁ «ይህቺ ማን ናት?» እለዋለሁ። አንዱ «መ» ይለኛል፣ ሌላው «ሹ» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ ስል፣ የዓሣ ሽታ ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ቻልኩ።

አጥንቱንና አንጀቱን ወደ ኋላችን እንወረውረዋለን። እዚያ አባ ኮዳ ቆሞ ይጠብቃል። አባ ኮዳን ያላየ ካለ፣ መላጣ ትልቅ ወፍ ነው፤ አንገቱ ላይ ከረጢት አለው፣ ክንፉን ሰብስቦ ሲቆም እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሽማግሌ ይመስላል። የእኛ ቤት አጥንት ሁሉ የሱ ነበር።

ከዝዋይ አዲስ አበባ፣ ለአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ልጅ ጠባቂ ሆኜ ገባሁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔንም ይዘውኝ መጡ። ልጆቹ አደጉ፤ የልጅ ጠባቂ ሥራ እንዲህ ነው፣ ሥራሽን በደንብ ከሠራሽ ሥራሽ ያልቃል። ከዚያ ፓሪዮሊ የሚባል የሀብታም ሠፈር አንዲት አሮጊት ዘንድ ገባሁ። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት የጋዜጣ ቃላት ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ በቤቱ ውስጥ ማንም ቃል እንዲተነፍስ አይፈልጉም። ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። ያኔ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ተረት ለሚናገር ሰው ዝም ማለትን የመሰለ ትምህርት እንደሌለ ገባኝ፤ የት ላይ ዝም እንደሚባል ካላወቅሽ ልጆቹ ጥለውሽ ይሄዳሉ።

ሴትዮዋ ሲያርፉ አንድ ኮፔራቲቫ፣ ሠራተኛ የሚያቀርብ ማኅበር፣ በጽዳት ቀጠረኝና ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ላከኝ፤ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚቀመጡበት ትልቅ ሕንፃ ነበር። ተረት መናገር የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ያስጀመረኝም ወለሉ ነው። እናቶች ለወረቀት ጉዳይ ቢሮ ሲገቡ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ይቀራሉ። እኔ ወለሉን አጥባለሁ፣ እነሱ እርጥቡ ላይ ይሮጣሉ፣ አንዱ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ልቅሶ ይሆናል። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩና «ወለሉ እስኪደርቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኳቸው። በአማርኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በእጅ። ከዚያ በኋላ የተረቴ ልክ የወለሉ መድረቅ ሆነ። በበጋ አጭር ተረት፣ በክረምት ረጅም። ዝናብ በጣለ ቀን ጅብ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ምን ላድርግ፣ ወለሉ አልደረቀማ።

እንግዲህ ተረት ማስረዘም፣ ማሳጠር፣ መጨመር የለመድኩት እንዲህ ነው። በእኛ አገርም ተረት ባለቤት የለውም፤ አፍ ያለው ሁሉ ይናገረዋል፣ ያሳመረው ደግሞ ይመሰገናል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የጣለኝ ይኸው ነው።

ቦታው ሲዘጋ ኮፔራቲቫው ቶር ፒኛታራ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለጽዳት አዞረኝ። የሠፈሩን ልጆች ብታዩአቸው፣ የባንግላዴሽ አለ፣ የቻይና አለ፣ የፔሩ አለ፣ የእኛም አለ፤ ሁሉም በሮም ሰው ጣሊያንኛ ይጯጯኻሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት በነጻ እየመጡ ተረት ይነግሯቸው ነበር። ሲኞራ ኦርኔላ ይባላሉ። ያስተማሩኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ሲኞራ ኦርኔላ በወጣትነታቸው አላስካ ኖረዋል። ባላቸው የዓሣ ጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ዓሣ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በሥራ መስመሩ ላይ ከአጠገባቸው የምትቆመው ሴት ትሊንጊት ከሚባለው የዚያ አገር ሕዝብ ነበረች። ትሊንጊቶች ሳልሞን በሚባለው ዓሣ ነው የሚኖሩት፤ ሳልሞን ባሕር ውስጥ አድጎ ሲያበቃ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ተመልሶ ይመጣል። ሴትየዋ በምሳ ዕረፍት የሳልሞን ታሪኮች ትነግራቸው ነበር። ከብዙ ዓመት ጓደኝነት በኋላ ከወገኖቿ ተማክራ፣ ሦስቱን ለልጆች እንዲነግሩ ፈቀደችላቸው። አንድ ነገር አስጠንቅቃ። ታሪኩ የማን እንደሆነ ሳይነገር አይጀመርም፤ ከዚያ የተሰጠው እንደተሰጠ ይነገራል። እነሱ ዘንድ ታሪክ እንደ መሬት ነው፤ የእገሌ ወገን ነው ይባላል፣ ሌላው ዝም ብሎ አይገባበትም።

ከሦስቱ የምወደውን ፍሬ ነገሩን ብቻ እዚህ አኖራለሁ። ሙሉው በአፍ እንጂ በወረቀት አልተፈቀደልኝም፤ የወገኑም ስም እንዲሁ። አንድ ልጅ ተርቦ እናቱ ደረቅ ሳልሞን ትሰጠዋለች። ዳሩ ሻግቷል። ልጁ ዓሣውን ሰደበ። ባሕሩም ወሰደው። ከባሕሩ ሥር ግን ሳልሞኖች እንደኛው ሰዎች ናቸው፤ ቤት አላቸው፣ ሽማግሌ አላቸው። ልጁን አኖሩት። ሲርብህ ዓሣ ብላ፣ አጥንቱን ግን አንድም ሳታስቀር ወደ ውኃው መልስ አሉት። አንዲት አጥንት ሲያስቀር ከመንደሩ አንዱ ታሞ ያድራል፤ አጥንቷ ስትመለስ ይድናል። ጊዜው ሲደርስ ሳልሞኖቹ ወደ ወንዙ ወጡ፣ እሱም ዓሣ ሆኖ አብሯቸው ወጣ። እናቱ ቢላዋዋን አንገቱ ላይ ብታሳርፍ አልቆረጥ አለ፤ ሰው ሳለ ያሰረው የመዳብ የአንገት ጌጡ ነው። ልጇን በዚያ አወቀችው። ማተብ ልል ነበር፤ ማተብ አይደለም፣ ተውኩት። ይኸው ነው፣ አሁንም እጄን ይበላኛል።

ሲኞራ ኦርኔላ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ምንም አያነቡም። የልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ አንድ በአንድ እየተቀመጡ ከዚያ ምን እንደሚታይ ያያሉ። የአንዱ ልጅ ዓይን መስኮት ላይ የሚያርፍ ከሆነ ወንበሩን ያዞሩታል። ከዚያ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ልጅን ከታሪክ ያወጣዋል ይላሉ። ልጆቹ ሲገቡ ቆመው ይቀበላሉ። የታሪኩን ባለቤቶች ስም የሚናገሩትም ቆመው ነው። ስሙ ሲያልቅ ይቀመጣሉ፣ ታሪኩ ይጀመራል። የእንስሳ ድምፅ አያወጡም። አንድ ቀን ለምን አልኳቸው። ሳልሞን ሰው ከሆነ እንደ ሰው ይናገራላ፣ አሉኝ። መጨረሻ ላይም «ከዚህ ምን ተማርን?» የሚባል ነገር የለም። ዝም ይላሉ፣ ልጆቹም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ጃኬት ፍለጋ ይጀመራል።

እኔ በር ላይ መጥረጊያዬን ተደግፌ እሰማ ነበር። ሲኞራ አይተውኛል። አንድ ሐሙስ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ «እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ከራሴም ጨማምሬ አሳመርኩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንኳኩ። «ይህ ከየት መጣ?» ከኔ ነው አልኩ። «እንደገና።» ጨመርኩ፣ አንኳኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አንኳኩብኝ። በስተመጨረሻ ሳያንኳኩ ጨረስኩ። ያን ዕለት ወደ አላስካ ጻፉ። የፋብሪካዋ ጓደኛቸው ሞተው ሴት ልጃቸው ተተክተው ነበር፤ እሳቸውም ትንገር አሉ።

ዓሣ ማጽዳትና ተረት መናገር እኮ አንድ ነው። ቅርፊት የሚፋቀው ከጭራ ወደ ራስ ነው፤ በተቃራኒው ከሄድሽ ቢላዋው ይንሸራተታል፣ ሥጋው ይቆስላል። ተረትም ጫፉን ሳታውቂ አትጀምሪውም። ሐሞቷን ደግሞ አትንኪያት፤ ከፈሰሰች ዓሣው በሙሉ ይመራል። እኔ ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አውቄም ሐሞቷን አፈሰስኳት።

ሲኞራ ኦርኔላ ለዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገቡ፤ ክረምቱን ሙሉ ሐሙስ የእኔ ሆነ። ኮፔራቲቫውም ከጽዳቱ ላይ ቀንሶ ለተረቱ ሰዓት ሰጠኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንትራቴ ላይ ከመጥረጊያ ሌላ ቃል ተጻፈ። የመጀመሪያው ሐሙስ ቆሜ የባለቤቶቹን ስም ስጀምር ልጆቹ ተቁነጠነጡ። ከኋላ አንዱ «ኖና ዘኒ፣ ዓሣው መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ፤ ኖና አያት ማለት ነው። ስሙን አሳጠርኩት። በሁለተኛው ሐሙስ ተውኩት። በሦስተኛው ሐሙስ ልጁ አጥንቱን ወደ ውኃው ሊመልስ ሲል፣ እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ አባ ኮዳ መጣ። ተነሥቼ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደሱ ተራመድኩ። አጥንቱን ለቀም! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የባንግላዴሿ ልጅ ታስኒም ሳቋ ሲብስባት ከወንበሯ ወደቀች።

ሳቅ ደግሞ ያስጎመጃል። በሚቀጥለው ሐሙስ አባ ኮዳ ሁለት ጊዜ መጣ። በሚቀጥለው ሚስቱን ይዞ መጣ። ሳልሞኑ የእኛው ዓሣ ቆሮሶ ሆነ፣ ወንዙ ዝዋይ ሐይቅ ሆነ። ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ወንበር ጠፋ። ቤተ መጻሕፍቱን የምታስተባብረው ፌዴሪካ የምትባል ልጅ በስልኳ ቀረጸችኝ። እሷም ደግ ልጅ ናት፣ ያስደሰተችኝ መስሏታል። ጻፈችው፣ ሥዕል አሠራችበት፣ ትንሽ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችና በሠፈሩ ላሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች አደለችው። ሽፋኑ ላይ መላጣው አባ ኮዳ አለ። ከሥሩ «ኖና ዘነበች የነገረችው የኢትዮጵያ ተረት» ይላል።

ስሜ ታትሞ ሳየው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማታ ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ። አንዱን ዝዋይ ላለችው እህቴ ላክሁላት። ከዓሣ መጠቅለያ ላይ ያነበብኩት ፊደል የእኔን ስም ጻፈ። የማን ታሪክ እንደሆነ ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ብሎኛል። ማን ያውቃል፣ አላስካ ሩቅ ነው፣ አልኩ።

ሲኞራ ኦርኔላ በምርኩዝ ተመለሱ። ልጆቹ አጨበጨቡላቸው። ልጆቹ ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መጽሐፍ አነሡና መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፤ የተደረደረውን እንደገና እደረድራለሁ።

«አባ ኮዳ ማነው?» አሉኝ።

ወፍ ነው፣ የአገሬ ወፍ፣ አልኳቸው።

«አጥንቱን በላው?»

«ልጆቹ ሲስቁ ጊዜ…»

«እሺ። አጥንቱ ከተበላ ልጁ እንዴት ወደ እናቱ ተመለሰ?»

የያዝኩትን ወንበር አስቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሐሙስ ስናገረው አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። ሳቁ ሲያልፍ፣ እናቱ አቀፈችው ብዬ እጨርሰዋለሁ። እንዴት እንደመጣ አልተናገርኩም፤ አጥንቱ ካልተመለሰ ሳልሞኖቹ አይድኑም፣ ይዞት የሚወጣ የለም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር። የታሪኩን ነፍስ ለወፍ አብልቻለሁ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ዘኒ፣ እኔ ዛሬ ማታ ለጓደኛዬ ልጅ እጽፋለሁ። የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከእንግዲህ አትንገሩ ካሉ፣ እኔም አልናገረውም» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ለምን ይከለከላሉ?»

«ለአንቺ የሰጠሁሽ እኔ ነኛ።»

ሲኞራ ኦርኔላ ልጅ አልወለዱም። ባላቸውም ሞተዋል። ከዚያ አገር ይዘው የመጡት እነዚያን ሦስት ታሪኮች ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ሲናገሯቸው ኖረዋል። በእኔ የሳቅ ፍለጋ የተነሣ ሊያጧቸው ነው። ያን ማታ ራት አልበላሁም።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ መጽሐፎቹን ልሰበስብ ተነሣሁ። ፌዴሪካ መጀመሪያ አልገባትም፤ «ኖና፣ ተረት ነው እኮ፤ ልጆቹ ወደውታል» አለችኝ። ልጁ እንዴት እንደተመለሰ ንገሪኝ አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ለትምህርት ቤቶቹ እሷው ደወለችልኝ። እኔ ካሬሎ የሚሏትን ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዬን እየጎተትኩ፣ በካዚሊና መንገድ ከምትሄደው ትንሽ ባቡር ከትሬኒኖ እየወጣሁ እየወረድኩ፣ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። አንዳንዷ አስተማሪ ሰነድ የጠፋ መስሏት ትደነግጣለች። ልጆች ቤት የወሰዱትን ደግሞ በር እያንኳኳሁ ለመንኩ። የታስኒም እናት በሩን ከፍተው ጉዳዩን ሲሰሙ አልሳቁብኝም። እነሱም አገር ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣ ኢሊሽ የሚባል ዓሣ አለ፤ የሱን ነገር ማንም አይቀልድበትም አሉኝና መጽሐፏን ሰጡኝ። ሁሉንም አልጋዬ ሥር ከተትኩት። እህቴ ግን አልመልስም ብላለች፤ እስካሁን ዝዋይ ለጎረቤት እያሳየች ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ሁለታችንም የሳልሞኑን አንነካም። ሲኞራ መጽሐፍ ያነቡላቸዋል፤ እኔ ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። ልጆቹ አባ ኮዳ ታሟል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።

መልሱ በደብዳቤ አልመጣም። የጓደኛቸው ልጅ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት እናውራ አሉ። እኛ ዘንድ አመሻሽ፣ እነሱ ዘንድ ገና ማለዳ ነበር። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ የያዙ፣ ሹራብ የለበሱ ሴት መጡ፤ ከኋላቸው ዝናብ የሚወርድበት መስኮት ይታያል። እኔን የሚያካክሉ ናቸው። ሲኞራ ኦርኔላ መሐላችን ሆነው የሴትዮዋን ወደ ጣሊያንኛ፣ የእኔን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ ነበር፤ ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ፣ የእኔን ጥፋት እንኳ ሳያለዝቡ።

ሴትዮዋ መጽሐፏን በፎቶግራፍ አይተዋታል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ወፉ ነው። ዓሣ በሚጸዳበት ቆሞ እኛ የምንጥለውን የሚበላ፣ አንዳንዴም ያልጣልነውን የሚሰርቅ ነው አልኳቸው። ሳቁ። እነሱም ዘንድ አንድ ሌባ ወፍ አለ፤ የሱን ታሪክ ግን ልነግርሽ አልችልም፣ የእኔ አይደለም አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት።

«አጥንቱን ለምን ሰጠሽው?»

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ልጆቹ መቁነጥነጥ፣ በአገሬ ተረት ባለቤት እንደሌለው። አፌ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋ።

«ስለሳቁልኝ» አልኩ።

ሲኞራ ተረጎሙት። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝምታን ከፓሪዮሊዋ አሮጊት ተምሬያለሁ ብያችኋለሁ፤ የዚያን ቀኑን ግን መቻል አቃተኝ። በመጨረሻ እናታቸው ስለ ፋብሪካው ዓሣ የሚነግሯቸውን አወሩ። በቆርቆሮ የታሸገውን ዓሣ አጥንት መመለስ አይቻልም፣ ስለዚህ እናታቸው ከሥራ ሲወጡ ወንዙ ዳር ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ታሪኩን ለውጭ ሰው የሰጡትም በዚያ ምክንያት ይመስለኛል አሉ፤ ዓሣው የሚሄድበት ሁሉ ታሪኩም ይሂድ ብለው።

«ወፉ ያንቺ ነው» አሉኝ። «የራሱን ተረት ሥሪለት፣ ማንም አይከለክልሽም። የእኛን እንደተሰጠሽ ትናገሪዋለሽ፤ ስማችንን አስቀድመሽ። ግን መጀመሪያ ያበላሸሽውን ለእነዚያው ልጆች ንገሪያቸው። ለአዲሶች አይደለም፤ ለሳቁልሽ። ይህን ካላደረግሽ ለሁለታችሁም ይቁም።»

ሲኞራ ኦርኔላ «ለሁለታችሁም» የሚለውንም ሳያለዝቡ ተረጎሙት።

ሐሙስ ሆነ። ፌዴሪካ የድሮዎቹን ልጆች አንድ በአንድ ጠርታ ሰበሰበችልኝ። ሲኞራ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። ለትልቅ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ለምጃለሁ፤ ስንት አሠሪ አልፎብኛል። ለልጆች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የነገርኳችሁ የኢትዮጵያ ተረት አይደለም፣ የእኔም አይደለም፤ የሰው አደራ ነው፣ አበላሽቼዋለሁ፣ ያበላሸሁትም ስትስቁልኝ ደስ ስላለኝ ነው አልኳቸው።

አንድ ልጅ «የወፉ ግን ይሻል ነበር» አለ። ግማሹ ተስማማ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ያስቃል» አልኩ። «ልጁ ግን ወደ ቤቱ አይደርስም።»

 ካስቴልኑቮ ከነበሩት ቤተሰቦች የተወለዱ ሁለት ልጆች በመሐላቸው ነበሩ፤ የእነሱን ፊት አልረሳውም። የባለቤቶቹን ስም በሙሉ ተናገርኩ፣ የፋብሪካዋን ሴትዮ፣ የልጃቸውን፣ የሲኞራ ኦርኔላን። ማንም አልተቁነጠነጠም፤ ወይም ተቁነጥንጦ ይሆናል፣ እኔ አላየሁም። ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ሻጋታውን፣ ስድቡን፣ ባሕሩን። አጥንቱ ጋ ስደርስ አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ወደ ውኃው መለስኩ። እናትየዋ ጌጡን አገኘች። ዝም አልኩ።

ጃኬት ፍለጋው ሳይጀመር ታስኒም እጇን አወጣች።

«ኖና ዘኒ፣ ዓርብ ዓርብ በትምህርት ቤት ምግብ ቤት የምንበላው ዓሣ አጥንት የለውም» አለች። «አራት ማዕዘን ነው። እሱ እንዴት ነው የሚመለሰው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በድሮው ልማዴ አንድ ነገር ፈጥሬ እመልስላት ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይም መጥቶ ነበር። ከኋላ ሲኞራ ኦርኔላ ሳቁ፤ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። «ባለቤቶቹን እንጠይቃቸዋ» አሉ።

ልጆቹ ተሰብስበው ጻፉ፤ አራት ማዕዘኑን ዓሣም ሥለው ላኩ። መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሴትዮዋ ለልጆቹ ጥፋቴንም ታሪኩንም እንደነገርኳቸው ከደብዳቤያቸው አውቀዋል፤ ሁለታችንም እንቀጥል ብለዋል። ስለ ታስኒም ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የእኛም ልጆች ይህንኑ ይጠይቁናል። እናንተ ካገኛችሁት ጻፉልን።»

ሲኞራ ኦርኔላ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ታስኒም ከእኔ በቁመት በልጣለች። እኔም ይኸው ጡረታ ወጣሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አልጻፍንላቸውም።